ሌባው እንዲያመልጥ የምንመኘው ለምንድን ነው?

ሴት አቅራቢ፦ ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፣ በየሰፈራችን ቪዲዮ ቤት በነበረበት ዘመን፣ የባንክ ዝርፊያ ፊልም ሲታይ አግዳሚው ጢም ይል ነበር። የሚገርመኝ፣ ቀን ኪስ አውላቂ ሲያይ "ያዘው!" የሚለው ሰው ማታ ለዘራፊ ሲጨነቅ ነው።

ወንድ አቅራቢ፦ የሚጨነቀው ለዕቅዱ እኮ ነው! እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው የፈረንሳይ ፊልም "ሪፊፊ" ግማሽ ሰዓት ያህል ያለ ንግግር፣ ያለ ሙዚቃ ዝርፊያውን ብቻ ያሳያል። የምናደንቀው ሙያውን ነው።

ሴት አቅራቢ፦ ሙያ አልክ? እ.ኤ.አ. በ1997 ከላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም "አፍሮ አይገባ" መስቀል ሲሰረቅ ማን አደነቀ? ቤልጂየማዊ የቅርስ ሰብሳቢ እጅ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ2001 እስኪመለስ አገር አዝኗል።

ወንድ አቅራቢ፦ እሱማ የራሳችን ነዋ! በፊልም የሚዘረፈው ቁማር ቤት ነው፤ አለዚያም እንደ ስፔኑ ተከታታይ ድራማ "ላ ካሳ ዴ ፓፔል" የመንግሥት ገንዘብ ማተሚያ። የሚያለቅስ ባለቤት አናይም።

ሴት አቅራቢ፦ ጨዋታው እዚያ ላይ ነዋ! እስቲ አንዱ ደራሲ መስቀሉን የሚጠብቁትን ቄስ ዋና ገጸ ባሕርይ ያድርግልን፤ ያኔ ለማን እንደምናጨበጭብ እንተያያለን።

ወንድ አቅራቢ፦ ከተሠራ ትኬቱን እኔ እገዛልሻለሁ!