መብራት ሲመጣ አትቸኩሉ

እሱ፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰፈሩ በሙሉ «መጣ!» ይላል። እኔ ግን የምሰጋው ያኔ ነው።

እሷ፦ እንዴ! ስንጠብቀው የዋልነው መብራት?

እሱ፦ ዕቃ የሚቃጠለው ብዙ ጊዜ ሲመጣ ነዋ። የቤታችን ኃይል 220 ቮልት ነው፤ ሲመለስ ግን ለአፍታ ከዚያ በላይ ሊዘል ይችላል።

እሷ፦ እናቴ ቤት የሆነው ይኸው ነው። አምፖሉ ቦግ አለ፣ ፍሪጁ አጓርቶ ዝም። ከኋላው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ወጣ። እናቴ ደግሞ የበዓል ሥጋ ሞልታበት ነበር።

እሱ፦ አምፖል ቦግ እንዳለ ከቀረ ቶሎ ከቆጣሪው ማጥፋት ነው። የኒውትራል ሽቦ ተበጥሶ ከሆነ፣ የሚገባው ኃይል ወደ 380 ቮልት ሊጠጋ ይችላል።

እሷ፦ እኛማ ዲቫይደር አለን ብለን ነበር።

እሱ፦ ተራ ዲቫይደር ያከፋፍላል እንጂ አይከላከልም።

እሷ፦ ስታቢላይዘርስ?

እሱ፦ ለሚዋዥቅ መብራት ጥሩ ነው። ለፍሪጅ ግን ቆይቶ የሚለቀውን ምረጡ። ኮምፕረሰሩ እንደገና ከመነሳቱ በፊት ጥቂት ደቂቃ ማረፍ አለበት።

እሷ፦ ዋጋው ግን ለሁሉም ቤት አይቀመስም።

እሱ፦ ልክ ነሽ። መንቀል ግን ምንም አያስወጣም።

እሷ፦ የክረምቱ መብረቅስ?

እሱ፦ እሱንማ ስታቢላይዘርም አይመክተውም። ገና ሰማዩ ሲጠቁር ይነቀል፣ የዲሹም ገመድ ጭምር።

እሷ፦ የዲሹን እኔም አስቤው አላውቅም! አድማጮቻችን፣ ዛሬ ማታ መብራት ከሄደ ፍሪጁንና ቲቪውን ንቀሉ፣ የአንድ አምፖል ማብሪያ ብቻ ክፍት ተዉ። ሲመጣ አምፖሉ 5 ደቂቃ ሳይዋዥቅ ከበራ፣ ያኔ ሰኩ።