የአንድ አሮጌ ቮልስዋገን ሕመምና ፈውስ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን፣ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ ንግግር)



ዛሬ ስለ አንድ አሮጌ አውቶሞቢል እንድንናገር ተፈቅዶልናል። አውቶሞቢሉ እ.ኤ.አ. በ1968 ዓ.ም. የተሠራ ቮልስዋገን ነው፤ ሕዝባችን በአጭሩ ቮልስ ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. በሜክሲኮ አገር ሥራው እስኪቆም ድረስ ከዚህ ዓይነቱ መኪና ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል፤ በአዲስ አበባ መንገዶችም ላይ እስከ ዛሬ ይታያል። የምንናገርለት መኪና ባለቤት ጡረታ የወጡት የሳይንስ መምህራችን ናቸው።

ባለፈው መስከረም መምህራችን ወደ መካኒክ ክበባችን መጥተው፣ «ልጆቼ፣ ሞተሩ ቀጭ ቀጭ ማለት አብዝቷልና እስቲ እዩልኝ» አሉን። ድምፁ ከቫልቮቹ መሆኑን ስላወቅን፣ ሞተሩ ገና ሳይበርድ ክዳኑን ከፍተን፣ መለኪያ ሳንይዝ በጆሯችን ብቻ እየተመራን፣ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ብሎኖቹን አጠበቅን። ሞተሩ ዝም አለ፤ መምህራችን አመሰገኑን፤ እኛም ምስጋናውን በኩራት ተቀበልን።

ሁለት ወር ሳይሞላ መኪናው አቀበት አልወጣ አለ። ቆሞ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፤ በጭስ ማውጫውም በኩል ፑፍ ፑፍ ይላል። መምህራችን ባለቤታቸውን ወደ ሐኪም ቤት የሚያመላልሱት በዚሁ መኪና ስለ ነበር ነገሩ ቀላል አልነበረም። ምክር የጠየቅናቸው ሰዎች «ሞተሩ አልቋል፤ ሙሉ ሞተር ይለወጥ» አሉን። ከመካከላችንም «በእርጅና አለቀ ብንላቸው ማን ያውቃል?» ያልን ነበርን። ይሁንና ከመፍረዳችን በፊት እንለካ ተባባልን።

ሞተሩን አሙቀን፣ አራቱንም ካንዴላ ነቅለን፣ የቤንዚኑን መርገጫ እስከ መጨረሻው ረግጠን፣ በየሲሊንደሩ ቀዳዳ የግፊት መለኪያ እያስገባን በማስነሻው አዞርነው። 1ኛው፣ 2ኛውና 4ኛው ሲሊንደር በካሬ ሳንቲ ሜትር ከ6 ኪሎ ግራም ጥቂት በለጡ፤ 3ኛው ግን 2 እንኳ አልሞላም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ መለኪያው በባሕር ጠረፍ ከሚያሳየው በሩብ ያህል ዝቅ ይላል። ይህን ያላወቀ ሰው ደኅናውን ሞተር ታሟል ይላል።

ቀጥሎም የ3ኛውን ሲሊንደር ሁለት ቫልቮች በሚዘጉበት ቦታ ላይ አቁመን በካንዴላው ቀዳዳ የታመቀ አየር ነፋንበት። አየሩ በዘይት መሙያው ቢወጣ የፒስቶኑ ፋሻ አልቋል ማለት ነው፤ በካርቡራተሩ ቢወጣ የማስገቢያው ቫልቭ፣ በጭስ ማውጫው ቢወጣ የማስወጫው ቫልቭ ተበላሽቷል ማለት ነው። ፉጨቱ የተሰማው በጭስ ማውጫው ነበር። የታችኛውንም ክፍል ለመመርመር ዘይቱን አፍስሰን ወንፊቱን ብናይ የብረት ፍቅፋቂ አላገኘንበትም። ዋናውን ዘንግ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስንገፋው ጨዋታው 0.10 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ የተፈቀደውም ከ0.07 እስከ 0.13 ነው። እንግዲያስ ሞተሩ አላለቀም፤ የታመመው አንድ ቦታ ብቻ ነው።

የማስወጫ ቫልቭ በእሳት ውስጥ የሚኖር ዕቃ ነው። የሚቀዘቅዘው ሲዘጋ ከመቀመጫው ጋር ተገናኝቶ ሙቀቱን ለቴስታታው ሲያስረክብ ነው። ስለዚህ በቫልቩ ጫፍና በሚገፋው ክንድ መካከል፣ ሞተሩ ፈጽሞ በርዶ ሳለ፣ 0.15 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ያስፈልገዋል። እኛ ድምፁን ለማጥፋት ስንል ይህን ክፍተት አጠፋን፤ ቫልቩም በሚገባ መዘጋት አቅቶት ተቃጠለ። 3ኛው ቀድሞ መጎዳቱም ምክንያት አለው። ቮልስ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ በዚያ ዘመን ሞዴል ደግሞ የዘይት ማቀዝቀዣው በአየሩ መንገድ ላይ ስለ ቆመ፣ ወደ 3ኛው ሲሊንደር የሚደርሰው አየር ያነሰና የሞቀ ነው። ፋብሪካው ማቀዝቀዣውን ከዚያ ቦታ ያነሣው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው።

የቀረው ከልኬቱ ይልቅ የከበደን ነገር ነበር። ሦስት ሆነን ወደ መምህራችን ቤት ሄድንና «ሞተሩን ያበላሸነው እኛ ነን» አልናቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «እኔም ድምፁ ጠፋ ብዬ ተደስቼ ነበር፤ ሁለተኛ ሳትለኩ አትንኩ። በሉ አሁን ሥሩት» አሉን።

ባትሪውን ፈትተን፣ የመኪናውን ኋላ አንሥተን፣ ሞተሩን ከማርሽ ሳጥኑ የሚያያይዙትን አራት ማሰሪያዎች ፈትተን በክሪክ አወረድነው። ቴስታታው ሲነሣ የ3ኛው ማስወጫ ቫልቭ ጠርዝ አይጥ እንደ ቆረጠመው ዳቦ ተቦድሶ ተገኘ። ጥቂት ቢቆይ ኖሮ የቫልቩ ራስ ተቆርጦ ፒስቶኑን ሊሰብር ይችል ነበር። በቫልቩ መቀመጫና በካንዴላው ቀዳዳ መካከል ስንጥቅ አለመኖሩን አረጋገጥን። አራቱንም የማስወጫ ቫልቮች በአዲስ ለወጥን፤ ከመቀመጫቸውም ጋር በማፋጫ ቅባት አፋጭተን፣ ነጭ ጋዝ አፍስሰን አለማፍሰሳቸውን አየን። ዳዶዎቹን በተራቸውና በልካቸው አጠበቅን። በመጨረሻም ሞተሩ አድሮ ከበረደ በኋላ ክፍተቱን በስስ የብረት መለኪያ አስተካከልን፤ 3ኛውም ሲሊንደር ከወንድሞቹ ጋር እኩል ሆነ። የዕቃውን ዋጋ ያዋጣነው እኛው ነን፤ በገና ሰሞን «የኪስ ገንዘባችሁ የት ገባ?» ብላችሁ ለጠየቃችሁን ወላጆቻችን መልሱ ይኸው ነው።

ዛሬ መምህራችን ባለቤታቸውን ይዘው በዚያው መኪና መጥተዋል። ሞተሩን ያዳመጠ ሰው ጥቂት ቀጭ ቀጭ ይሰማል፤ ይህ የጤና ድምፅ ነው። ቮልስ የምትነዱ ወላጆች ሆይ፣ ቫልቮቹን በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ አስለኩ፤ ድምፁ ድንገት ዝም ቢል ደግሞ ደስ አይበላችሁ፤ አስመርምሩት። እናንተም ከእኛ በኋላ የምትመጡ ተማሪዎች፣ ድምፅን ማጥፋትና ሕመምን ማዳን ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን ከእኛ ስሕተት ተማሩ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኛም ባንናገር ኖሮ ያ ሞተር ዛሬ ቁርጥራጭ ብረት ሆኖ በተሸጠ ነበር።