ትንሽ ታብሌት ከመግዛት አስቀድሞ ስለ ማመዛዘን

በሐረር ከተማ በፈላና በር ለመምህራንና ለሽማግሌዎች የተነገረ



ሐረር ከጥንት ዠምሮ መጽሐፍ የሚጻፍባትና የሚጠረዝባት ከተማ ናት። በጀጎል ግንብ ውስጥ፥ በቁርኣን ቤት፥ ልጆች ፊደል የሚቈጥሩበት የእንጨት ሉሕም የታወቀ ነው። በእንጨቱ ላይ የተጻፈው ቢበላሽ ታጥቦ እንደ ገና ይጻፍበታል። ታብሌት የተባለው የመስተዋት ሰሌዳ ግን ሳይመረመር ከተገዛ ጕድለቱ ታጥቦ አይወጣም። አንድ የገጠር መምህር፥ ወላጆች ከማሽላና ከቡና ሽያጭ ያዋጡትን ገንዘብ ይዞ በፈላና በር ወደ ገበያ ቢገባ፥ የያዘው የራሱን ብር አይደለም፤ ቢሳሳት በሚመጣው ዓመት ለጠመኔ እንኳ የሚያዋጣለት አያገኝም። ስለዚህ ሻጩ ዕቃውን ከማመስገኑ በፊት ገዢው የሚመረምረውን ማወቅ ይገባዋል።

መዠመሪያ ስለ መጠኑ ነው። ሻጭ «ባለ 7 ኢንች፥ ባለ 8 ኢንች» ሲል ወርዱን ወይም ቁመቱን መናገሩ አይደለም፤ ልኩ ከአንዱ ጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ በሰያፍ ነው፤ አንዱ ኢንችም 2.54 ሳንቲ ሜትር ነው። በዚህ ምክንያት ሰያፋቸው የተቀራረበ ኹለት ታብሌቶች በስፋታቸው እጅግ ሊራራቁ ይችላሉ። ለዚህ ምሳሌ የሚኾኑ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2012 የወጡ ኹለት ዕቃዎች አሉ፤ እነርሱም የጉግል ኔክሰስ 7 እና የአፕል አይፓድ ሚኒ ናቸው። ኹለቱም ዛሬ አርጅተዋል፤ በመካከላቸው የነበረው ክርክር ግን ዛሬም በየሱቁ አለ። የኔክሰስ ሰያፉ 7 ኢንች፥ መልኩ ረዘም ያለ ኾኖ የመስተዋቱ ወርድ 9.4 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበረ። የአይፓድ ሚኒ ሰያፍ 7.9 ኢንች፥ ወርዱ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበረ። በሰያፍ አንድ ኢንች እንኳ ሳይሞላ በስፋት ከሲሶ በላይ በለጠ። ወርዱ 21 ሳንቲ ሜትር የኾነ የመጽሐፍ ገጽ በመዠመሪያው ላይ ከግማሽ በታች ይጠባል፤ በኹለተኛው ላይ ከግማሽ በላይ ኾኖ ይታያል።

ነገር ግን ስፋት ብቻውን አያስነብብም። በመስተዋቱ ላይ የሚታየው ኹሉ ከጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ስለ ኾነ፥ ነጥቦቹ በደቀቁና በበዙ ቍጥር ፊደሉ ይጠራል። ጠባቡ ኔክሰስ 1280 በ800፥ ሰፊው አይፓድ 1024 በ768 ነጥብ ነበረው፤ በአንድ ኢንች ሲቈጠር ለመዠመሪያው 216፥ ለኹለተኛው 163 ይደርሳል። የመዠመሪያ ዋጋቸውም በአሜሪካ 199 ዶላርና 329 ዶላር ነበረ። እንግዲህ ርካሹ ጠባብና ጥሩ ኾኖ፥ ውዱ ሰፊና ደብዘዝ ያለ ነበረ። ዋጋን ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው ይህን ከየት ያውቀዋል?

ለእንግሊዝኛ አንባቢ ልዩነቱ ትንሽ ሊመስል ይችላል። በእኛ ፊደል ግን እንዲህ አይደለም። ሉ እና ሊ የሚለያዩት አንዲቱ አጭር ጭረት በወገብ ወይም በእግር በመኾኗ ብቻ ነው፤ ሌ ደግሞ በእግሩ ላይ ባለችው ትንሽ ቀለበት ይለያል። ነጥቡ ሲሳሳ ገጹም ሲጠብ ሦስቱ ይመሳሰላሉ። ዐዋቂ ከዐረፍተ ነገሩ ገምቶ ያልፈዋል፤ ፊደል የሚቈጥር ልጅ ግን የሚገምትበት የለውም። (ኦሮምኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ይህ ችግር ብዙ አይነካውም።)

ስለዚህ መምህሩ የአማርኛ መማሪያ መጽሐፍ ገጾችን በትንሽ ካርድ ይዞ ወደ ሱቅ ይሂድ። ገጹን በታብሌቱ ከፍቶ ከሱቁ ደጅ ወደ ፀሐይ ያውጣው፤ በጥላ ያማረ መስተዋት በሐረር ፀሐይ መልክ ማሳያ ብቻ ኾኖ ሊቀር ይችላልና። ከዚያም ዐይኑ የደከመ ሽማግሌ ክንዱን ዘርግቶ ያንብብ። ሽማግሌው ካነበበው ልጁም ያነበዋል። ቀጥሎ በአማርኛ ጥቂት ቃል ይጻፍበት። የግዕዝ ፊደል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ዩኒኮድ ከተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ስለ ገባ፥ በፊደል ፈንታ ባዶ ሣጥን የሚያሳይ ዕቃ ዛሬ ምክንያት የለውም።

ስለ ማስታወሻው ሲነገር በሣጥኑ ላይ የታተመውን ማመን አይገባም፤ ሐሰተኛ ቍጥር የሚያሳዩ ዕቃዎች አሉና። ትልልቅ ፋይሎችን ጭኖ እንደ ገና መክፈት እውነቱን ያወጣዋል። ትንሽ ካርድ የሚገባበት ቀዳዳ ያለው ይመረጥ፤ ኔክሰስም አይፓድ ሚኒም ይህ አልነበራቸውም። የቀዳዳው ጥቅም በአገራችን ታይቷል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2012 አንድ የውጭ ማኅበር ሞቶሮላ ዙም የተባሉትን፥ መጠናቸው ከትንሽ የሚበልጥ ታብሌቶች፥ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ላልነበራቸው ልጆች ሰጠ። ከፀሐይ ብርሃን ኀይል የሚሰጥ መሣሪያ ዐብሮ ነበረ፤ መረጃውም በየሳምንቱ ካርድ በመለወጥ ይመላለስ ነበረ እንጂ በኢንተርኔት አልነበረም። ልጆቹ በጥቂት ወር ውስጥ የተዘጋውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት። ልጅ ባለበት ቤት የተዘጋ ነገር ብዙ አይቈይም።

ስለ ኀይሉ ደግሞ፥ የነዚያ የትንንሾቹ ባትሪ እያንዳንዱ 16 ዋት ሰዓት ያህል ይይዝ ነበረ። ባለ 10 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ የሚባክነው ተቀንሶ በጠንካራ ፀሐይ በሦስት ሰዓት ያህል ይሞላዋል። መብራት በማይገባበት ቀበሌ የሰሌዳው ዋጋ ከታብሌቱ ዋጋ ጋራ ዐብሮ ይታሰብ፤ ያለ እርሱ የተገዛው በሳምንቱ የዕቃ ግምጃ ቤት ጌጥ ይኾናል።

ያገለገለ ዕቃ በርካሽ ሲቀርብ ልብ ይሳባል። ነገር ግን ሠሪው ማደሱን ያቆመበት ታብሌት አዲስ ፕሮግራም እንቢ ይላል፤ የመዠመሪያው ኔክሰስ 7 በ2015፥ የመዠመሪያው አይፓድ ሚኒም በ2016 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ ዐዲስ ትውልድ ሥርዐት መቀበል አቁመዋል። ለተጫነ መጽሐፍ ንባብ ብቻ ከኾነ ይህ ብዙ አይጐዳም፤ የአሮጌ ባትሪ ድካም ግን ይጐዳል። ስለዚህ ባትሪው ሞልቶ ሳለ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ተከፍቶበት አንድ ሰዓት ይቈይ፤ በዚያ ጊዜ ከመቶ ስንት እንደ ጐደለ ይታይ። ሻጩ አንድ ሰዓት መጠበቅን ከጠላ፥ በዚያው መንገድ ላይ ሌላ ሱቅ አለ። ከተስማሙ በኋላም በደረሰኙ ላይ የታብሌቱ መለያ ቍጥርና ሻጩ መልሶ የሚቀበልበት ቀን ይጻፍ፤ ወረቀቱም በትምህርት ቤቱ መዝገብ ውስጥ ይቀመጥ።