ለደጋ አደን የሚሄዱ ልጆቻችን ምን ይያዙ?

(የማኅበሩ ጸሐፊ በወርኃዊው የአባላት ስብሰባ ላይ ያደረጉት ንግግር)

የተከበራችሁ የቂርቆስና የካዛንቺስ አባሎቻችን፣ በ2017 ዓ.ም. ከሰፈሩ ተነሥታችሁም ከማኅበራችሁ ያልቀራችሁ፤

ከልጆቻችን ጥቂቶቹ በመጪው ኅዳር ከአዳኞች ጋር በወጥ ቤት፣ በሾፌርነትና በረዳትነት ወደ ባሌ ደጋ እንደሚወጡ ሰምተናል። እንጀራ ነውና እሰየው! ነገር ግን እኔም በ1996 ዓ.ም. በዚሁ ሥራ ሄጄ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ዝም ብዬ ብሸኛቸው ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም።

በመጀመሪያ ስለ ፈቃድ። የሚታደነው የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የለም። በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ማደን ክልክል ነው። ከፓርኩ ውጭም ቢሆን በመንግሥት ፈቃድ፣ በተከለለ ቦታና በተወሰነ ቁጥር፣ ያውም ቀንዳሙ ወንዱ ብቻ ነው የሚታደነው። ስለዚህ ከመሳፈራችሁ በፊት «ፈቃዱ የታለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሕገ ወጥ ሥጋና ቀንድ የተሸከመም አብሮ ይጠየቃል።

አሁን ወደ ብርዱ ልምጣ። ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሰነቴ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በበጋ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። እኔ የያዝኩት አንድ ጃኬትና አንድ ጋቢ ነበር። ላብ ያራሰውን ካናቴራ እንኳ ሳልቀይር ተኛሁ። በሁለተኛው ሌሊት ቢብስብን ከጓደኛዬ ጋር የከሰል ምድጃውን ድንኳን ውስጥ አስገብተን ዘጋን። «ፍም ሆኗል፣ አይጨስም» አልን። ዘበኛው ስናቃስት ሰምቶ ጎትቶ አወጣን። እኔ እያስመለሰኝ ነቃሁ፤ ጓደኛዬ ግን እስኪነጋ ራሱን አላወቀም።

ወገኖቼ፣ ፍም ባይጨስም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ያወጣል። አይታይም፣ አይሸትም። በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዝና ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል። እኛን ወደዚያ የወሰደን የዝግጅት ጉድለት ነው። ለብሶ የተኛ ሰው ምድጃ አያስገባም።

እንግዲህ ይህን ያዙ፦

1. አንድ ወፍራም ልብስ ሳይሆን ሁለት ሦስት የሚደራረብ። ከላይ ንፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ ከሥር የሱፍ ሹራብ። ሳልባጅም ቢሆን ሱፍ ይሁን፤ ጥጥ ከራሰ ያበርዳል።

2. ለመኝታ ብቻ የሚሆን ደረቅ ልብስና ካልሲ። ቀን የለበሳችሁትን ለብሳችሁ አትተኙ።

3. ቆብ፣ ጓንት፣ ካልሲ ደርቦ የማያጣብቅ ጫማ።

4. ስሊፒንግ ባግ ወይም ሁለት ብርድ ልብስ። ከሥርም ፍራሽ አንጥፉ፤ ብርዱ ከመሬት ነው የሚመጣው።

አረቄ ያሞቃል የሚለውን አትስሙ። ለጊዜው ያሞቀ ይመስላል እንጂ የሰውነትን ሙቀት ያስወጣል። የመጀመሪያውን ቀን ቀስ ብላችሁ ተራመዱ፤ ከፍታው ራስ ያሳምማል። ከሰል ባለበት ራሱን ያመመው፣ ያዞረው ወይም ያስመለሰው ሰው ካለ ግን ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር አውጡት፤ ከዚያም ወደ ሐኪም ውሰዱት።

እናቶች፣ ይህ ነገር ለባሌ ብቻ አይደለም። በክረምት ቡና አፍልተን ምድጃውን እቤት ትተን፣ በርና መስኮት ዘግተን የምንተኛ ብዙዎች ነን። ከመተኛታችን በፊት ከሰሉ ውጭ ይደር።

በመጨረሻ፣ ካፖርት፣ ሹራብ ወይም ስሊፒንግ ባግ ያላችሁ አባሎች ለልጆቹ እንድታውሱ እጠይቃለሁ። ስም ጽፋችሁ ለንብረት ክፍል አስረክቡ፤ ሲመለሱ ታጥቦ ይመለስላችኋል። በሰላም ሄደው በሰላም ይግቡ።