በአንድ ማረጃ ሁለት ቢላዋ



የአንዱ ሃይማኖት ሥርዓት የሌላውን ሃይማኖት ተከታይ ሊያስቀይም ይገባልን? ለዚህ ጥያቄ ሊቃውንቱ የየራሳቸው መልስ አላቸው፤ እኔ የእንስሳት ሐኪም እንደ መሆኔ የማውቀው ቄራን ነውና ከዚያው እነሣለሁ።

በአገራችን ክርስቲያኑ በስመ ሥላሴ፣ ሙስሊሙም ፊቱን ወደ ቂብላ መልሶ በአላህ ስም ያርዳል፤ አንዱም የሌላውን እርድ አይበላም። ቁርኣን የመጽሐፉን ሰዎች ምግብ እንደሚፈቅድ የሚያስረዱ የእስልምና ሊቃውንት መኖራቸው የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በእኛ ዘንድ የሌላውን ሥጋ መብላት ሃይማኖትን ከመለወጥ ተቆጥሮ ኖሯል። ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ መገደዳቸውን ለሚያስታውስ ሰው፣ አንድ ጉርሻ ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል መገመት አያዳግተውም።

ወጣት የሥጋ ተቆጣጣሪ ሆኜ በአንዲት የወሎ ከተማ ስመደብ፣ ማረጃው አንድ ክፍል፣ ማንጠልጠያውም አንድ ረድፍ ነበር። እኔም ንጽሕናን ለመጠበቅ በሚል አሳብ፣ በፈላ ውኃ የተቀቀሉ ቢላዎች ለሁለቱም ወገን በጋራ እንዲያገለግሉ አዘዝሁ። በዕድሜ የገፉት ሙስሊም አራጅ ግን ቢላዋውን ከእጄ አልቀበል አሉ። ተቀየምሁ።

«ሐጂ፣ የእኔ እጅ ያረክሳልን?»

«ልጄ፣ አንተስ እኔ ያረድሁትን ትበላለህ?»

«አልበላም።»

«ታዲያ እኔ መች ተቀየምሁህ?»

መልስ አጣሁ። በበዓላቸው ቀን ከቤታቸው ስጠራ፣ ለእኔና ለክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው የሚሆን በግ ከነነፍሱ ይጠብቀን ነበር፤ አራጁም ከእኛው ወገን ነበር። ያን በግ እንደ አክብሮት ስቀበል የኖርሁ ሰው፣ የእሳቸውን እንቢታ እንደ ንቀት መቁጠሬ ዛሬም ያሳፍረኛል።

በእውነት የሚያስቀይመው ሌላ ነው። ስሙን በማልጠራው አንድ የስብሰባ ቦታ፣ ወጪ ለመቆጠብ ሲባል የክርስቲያን እርድ ብቻ ተዘጋጅቶ ለሙስሊም እንግዶች «የእናንተው ነው» ተብሎ ሲቀርብ አይቻለሁ። ነገሩ ሲገለጥ ከማዕድ ተነሥተው የወጡት እንግዶች የተቀየሙት በክርስቲያኑ ጸሎት አልነበረም፤ በመታለላቸው ነው።

በአዲስ አበባ ቄራ ሁለቱ እርዶች በየክፍላቸው ይከናወናሉ፤ በየመንደሩም ሥጋ ቤቶች የመስቀል ወይም የጨረቃ ምልክት ያደርጋሉ። ተቆጣጣሪው በሁለቱም ክፍል ጉበቱን ይሰነጥቃል፣ የመንጋጋውንና የልቡን ሥጋ የኮሶ ትል እጭ ይኖርበት እንደሆነ ይመረምራል። (እጩ የታረደው በማን ስም እንደሆነ አይጠይቅም።) ሁለት ክፍል ማሠራት ወጪ ያበዛል የሚሉ ባልደረቦች አሉ። እውነት ነው፤ ያበዛል። ከዚህ የባሰ ብዙ ወጪ ስናጸድቅ ግን አይቻለሁ።

በዚያች ከተማ መካከለኛው ግድግዳ የተሠራው ከሁለቱም ወገን ሥጋ ነጋዴዎች በተዋጣ ገንዘብ ነበር። ክፍሉ በተከፈተ ማግስት ሐጂ የራሳቸውን ቢላዋ በጨርቅ ጠቅልለው ማለዳ መጡና፣ በፈላው ውኃ እንድቀቅልላቸው ሰጡኝ።