ስለ ቤተ ክርስቲያን ደንና ስለ ቅጽሩ የተደረገ ንግግር



በኦሪት ዘሌዋውያን የታዘዘው የኢዮቤልዩ በዓል የሰው ብቻ ሳይሆን የምድርም በዓል ነበረ። በሃምሳኛው ዓመት መለከት ተነፍቶ ባሪያው አርነት ሲወጣ፣ የተሸጠውም ርስት ወደ ባለቤቱ ሲመለስ፣ ምድሪቱ ደግሞ ሳትታረስና ሳትዘራ ታርፍ ዘንድ ታዘዘ። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን ኢዮቤልዩ በሚከበርበት በዛሬው ቀን ስለ ምድርና በምድር ላይ ስለ ቆሙት ዛፎች መናገር ከበዓሉ ሥርዓት የወጣ ነገር ሆኖ አይቈጠርም።

በሰሜን ኢትዮጵያ በደጋውና በወይና ደጋው የሚያልፍ መንገደኛ፣ ኮረብታው እስከ ጫፉ ታርሶ፣ ሜዳውም ተራቁቶ ሲያይ ይውልና፣ በሩቅ ጥቁር አረንጓዴ የሆነ ነገር ብቅ ሲልለት ማንንም ሳይጠይቅ «ያ ቤተ ክርስቲያን ነው» ይላል። በዚያም ውስጥ ጽድና ወይራ፣ ዝግባና ዋንዛ፣ ጥቁር እንጨትና ሎል፣ ብሳናና ኮሶ እንደየአገሩ ከፍታ ይገኛሉ። የአብነት ተማሪ ጎጆውን የሚቀልሰው በዚሁ ጥላ ነው፤ ቅኔ ሊቈጥር ሲል ከባልንጀሮቹ ተለይቶ የሚቀመጠውም ከነዚሁ ዛፎች ሥር ነው። የዕፀዋት ምርመራ ከጉባኤ ቤት የራቀ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር፣ ጉባኤ ቤቱ ራሱ በዕፀዋት መካከል እንደ ተተከለ ያስታውስ።

እነዚህን ዛፎች ያቈያቸው መፈራታቸው ነው። በቤተ ክርስቲያን ዛፍ ላይ ምሳር ማንሣት ነውርም ኀጢአትም ሆኖ ስለ ኖረ፣ በዙሪያው ያለው ሁሉ ሲመነጠር እነርሱ ቀሩ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አባቶችም ሊመሰገኑበት ይገባል። ነገር ግን መፈራት ምሳርን እንጂ የላምን አፍና የፍየልን ጥርስ እንዳልከለከለ ከዚህ በታች ይነገራል።

ይህን ነገር በትምህርት መንገድ ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እሸቴ ናቸው። (በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) እኒህ ሰው ስለ ኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ደን የጻፉትን መጽሐፍ በ2007 በሆላንድ አገር ለዋኼኒንገን ዩኒቨርሲቲ አቅርበው የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉበት። ከባልደረቦቻቸውም ጋራ በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መሬቱን በ810 ትናንሽ ክፍል እየለዩ ቢመረምሩ፣ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቍጥቋጦና ሐረግ ቈጠሩ። ደኖቹ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 እስከ 3,100 ሜትር ገደማ ባለው ከፍታ ላይ የተበተኑ ናቸው። በየትኛው ደን ውስጥ የትኛው ዛፍ እንደሚገኝ ከሁሉ ይልቅ የሚወስነው ይኸው ከፍታ መሆኑ ታወቀ። ይህን ቃል አድማጭ በልቡ ይያዘው፤ ወደ ኋላ ይፈለጋል።

በኢጣልያ ወረራ ዘመን በ1938 ከአውሮፕላን የተነሡ ፎቶግራፎች ነበሩ። ከብዙ ዘመን በኋላ ተመራማሪዎች እነዚያን ፎቶግራፎች በቅርብ ዘመን ከተነሡት ጋራ አስተያይተው በ2017 ውጤቱን አሳተሙ። ብዙ ሰው የሚያስበው ደኖቹ ከዚያን ጊዜ ወዲህ እየጠበቡ እንደ ሄዱ ነው። የተገኘው ግን ሌላ ሆነ። በ1938ም ቢሆን በዙሪያቸው ያለው አገር አስቀድሞ የተመነጠረ ነበረ፤ የደኖቹም ስፋት በአብዛኛው አልቀነሰም፤ እንዲያውም በብዙ ቦታ ጨምሯል። ደስታው ግን ሙሉ አይደለም። የጨመረው ብዙው ባሕር ዛፍ ነው። ደግሞም በዚያ ዘመን ደኑን እንደ መጐናጸፊያ ከብቦት የነበረው ቍጥቋጦ ጠፍቶ፣ ሞፈሩ እስከ ዛፎቹ ግርጌ ደርሷል። በሩቅ ለሚያይ ሰው ደኑ እንደ ድሮው ነው። ቀርቦ ለሚያይ ግን ዳሩ ተገልጦ ፀሓይና ደረቅ ነፋስ ወደ ውስጥ ይገባበታል። ደኖቹ አብዛኛዎቹ ጥቂት ሄክታር ብቻ ስለ ሆኑ፣ ዳሩ ሲደርቅ መካከሉም ብዙ አይርቅም።

ከዚህም የሚከፋው በዛፎቹ ሥር የሚታየው ነው። ሽማግሌዎቹ ዛፎች ቆመዋል፤ ልጆቻቸው ግን በብዙ ቦታ የሉም። አንድ አባት ዘጠና ዓመት ኖሮ ቤቱ በጎረምሳ ሳይሞላ ቢቀር፣ ጎረቤቱ ሁሉ ስለ ዕድሜው እያመሰገነ ሳለ ዘሩ እየጠፋ እንደ ሆነ አያስተውልም። የደኑም ነገር እንዲሁ ነው። ጽድና ወይራ ለብዙ ትውልድ የሚቆሙ ዛፎች ስለ ሆኑ፣ መተካታቸው ከተቋረጠ ሰባ ዓመት ቢሆነው እንኳ በዓይን አይታወቅም።

«ዘሩ በመሬት ውስጥ አለ፤ ጊዜው ሲደርስ ይበቅላል» የሚል ሰው ይኖራል። ይህንንም ዶክተር ዓለማየሁ ከታወቁት የዕፀዋት ሊቅ ከፕሮፌሰር ደመል ተከታይ ጋራ መርምረው በ2006 አሳትመዋል። ከደኖቹ አፈር እየወሰዱ በውስጡ ያለውን ዘር ቢፈልጉ፣ የተገኘው ይልቁን የሣርና የአረም ዘር ሆነ። ከታላላቆቹ የደጋ ዛፎች የአብዛኛዎቹ ዘር በመሬት ውስጥ ተደብቆ ብዙ ዘመን አይቈይም፤ ወይ ፈጥኖ ይበቅላል፣ ወይ ይበሰብሳል፣ ወይ አይጥና ነፍሳት ይበሉታል። እንግዲህ እናቲቱ ዛፍ የወደቀች እንደ ሆነ ከአፈሩ የሚመለስ ነገር የለም ማለት ነው። የስንዴ ጎተራ ባዶውን ቢገኝ ከጎረቤት ይበደሩለታል፤ ለዚህኛው ጎተራ ግን አበዳሪው ጎረቤት ራሱ ከታረሰ ሰንብቷል።

አሁን ስለ አየሩ መለወጥ ይነገር። ከሰል፣ ነዳጅ ዘይትና ደን በመቃጠሉ የዓለም ሙቀት እየጨመረ መሄዱ የታወቀ ነው። የኢትዮጵያ የሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት በ2007 ባወጣው ጽሑፍ፣ ባለፉት አምሳ አምስት ዓመታት ያህል የአገሪቱ ዝቅተኛ ሙቀት በየ10 ዓመቱ 0.37 ዲግሪ ገደማ እንደ ጨመረ ተናግሯል። ይህ ቍጥር ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ወደ ተራራ የሚወጣ ሰው በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ ጥቂት የሚበልጥ ቅዝቃዜ ያገኛል። ስለዚህ አየሩ አንድ ዲግሪ በሞቀ ጊዜ፣ አንድ ዛፍ የለመደውን ቅዝቃዜ ለማግኘት 160 ሜትር ያህል ወደ ላይ መውጣት ያስፈልገዋል። የዛፉን ዓይነት የሚወስነው ከፍታው ነው ተብሎ አስቀድሞ የተነገረው ቃል እዚህ ላይ ይፈለጋል። ዛፍ እግር የለውም፤ የሚሄደው በዘሩ ነው። ዘሩም የሚሄደው በወፍ ሆድና በነፋስ ነው። ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ደን እስከ ሌላው ያለው ሁሉ እርሻ ከሆነ፣ ወፏ የምታርፍበት ቍጥቋጦ አታገኝም፤ ዘሩም ከወደቀ ማረሻ ይገለብጠዋል።

ደግሞም የድርቅ ፈተና በታላቁና በታናሹ ላይ እኩል አይወርድም። ሥሩን ወደ ጥልቅ የሰደደ ወይራ ክረምቱ አንድ ወር ቢዘገይ ይታገሣል። በሐምሌ የበቀለች ቡቃያ ግን ሥሯ ጣት የማያህል ሆኖ ሳለ ከመስከረም ጀምሮ እስከሚመጣው ክረምት ያለውን ደረቅ ወራት መሻገር አለባት። ስለዚህ ደኑ የሚመጣውን ዘመን ይችለው እንደ ሆነ የሚታወቀው በቡቃያው ነው። ሺህ ቡቃያ ቢበቅል ጥቂቶቹ ድርቅን በመቻል ከሌሎቹ ይበልጣሉ፤ እነርሱም ይተርፋሉ፤ የሚቀጥለውም ደን ከነርሱ ይሆናል። ቡቃያ ከሌለ ግን ለመፈተን እንኳ የሚቀርብ የለም።

ቡቃያውን የሚያጠፋው ምን እንደ ሆነም ተመርምሯል። ዶክተር ዓለማየሁና ባልደረቦቻቸው በ2009 ባሳተሙት ሥራ የጽድን፣ የወይራን፣ የጥቁር እንጨትንና የሎልን ዘርና ችግኝ በደን ውስጥ ከፊሉን አጥረው ከፊሉን ሳያጥሩ አስተያዩት። ለቡቃያው መጽናት ከብት እንዳይገባ ማጠር ትልቅ ጥቅም እንዳለው ታየ። የሚደንቅ ሊቅነት የማያሻው ነገር ነው፤ ማንኛዋም ጎመን የተከለች ባልቴት ታውቀዋለች። ነገር ግን ለጎመን የታጠረውን ያህል ለወይራ አልታጠረም።

እዚህ ላይ አንድ የቃል ነገር ይነሣል። በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለው ቦታ «ቅጽር» ይባላል። ይህም ቃል «ቀጸረ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ሲሆን፣ ትርጓሜው ማጠር፣ በግንብ መክበብ ነው። ሰሙ ይኸው ነው። በብዙ ገጠር ግን ስሙ ቀርቶ ግንቡ የለም፤ ግንቡ በሌለበት ቅጽር ውስጥ በሬው ከጽዱ ጥላ ተኝቶ ያመሰኳል።

ዶክተር ዓለማየሁ በሜክሲኮ አገር በተደረገ የሊቃውንት ስብሰባ ላይ ማርጋሬት ሎውማን የተባሉትን አሜሪካዊት የደን ሊቅ አገኙ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በአንድነት ካህናቱን እያማከሩና ገንዘብ እየፈለጉ በደቡብ ጎንደር ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የድንጋይ ግንብ እንዲሠራ ረዱ። ድንጋዩ ከሩቅ አልመጣም፤ ገበሬው ከእርሻው ለቅሞ ያመጣዋል። በዚህም እርሻው ከድንጋይ ይጠራለታል፤ ደኑም ይታጠራል። በአንድ ድንጋይ ሁለት ሥራ የሚሠራበት እንዲህ ያለ ምክር ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ሆኖም ግንብ ብቻውን ሁሉን አይፈጽምም። መጀመሪያ የባለ በሬው ችግር አለ። በበጋ ከብቱን የሚያሰማራበት ያጣ ድኻ ወደ ቤተ ክርስቲያን ጥላ ቢያስገባ በድፍረት አይደለም፤ ሣሩ የቀረው እዚያ ብቻ ስለ ሆነ ነው። በሩ ሲዘጋበት ምን ይደረግለት? በሌሎች ከከብት ተከልለው በሚጠበቁ ኮረብታዎች የሚደረገው ከብቱ ሳይገባ ሣሩን በማጭድ አጭዶ መውሰድ ነው። ይህ ሲደረግ አጫጁ ቡቃያውን ከሣሩ ለይቶ እንዲያውቅ መምከር ይገባል። ለድኻው መኖ ሳይታሰብለት የተዘጋ በር በሌሊት መከፈቱ አይቀርም።

ሁለተኛው የጽዳት ነገር ነው። ለበዓል ዋዜማ በአንዳንድ ቦታ ቅጽሩ ያምር ዘንድ ከዛፍ ሥር ያለው ቍጥቋጦ ሁሉ ይመነጠራል፤ ደረቁም ቅጠል ተጠርጎ ይቃጠላል። ልቡናው ቅን ነው፤ ሥራው ግን ይጎዳል። ራፍ ኤርትስ የተባሉ የቤልጅግ ሊቅና ባልደረቦቻቸው በትግራይ ባደረጉትና በ2007 በታተመው ምርመራ፣ የወይራ ችግኝ ከገላጣ ሜዳ ይልቅ በቍጥቋጦ ጥላ ሥር በጋውን ሲሻገር ታይቷል። ቍጥቋጦው ለወይራው እንደ ሞግዚት ነው፤ ከፀሓይ ይከልለዋል፣ እሾኹም ከብቱን ያርቅለታል። እንግዲህ ደደሆውንና አጋሙን ለጽዳት ብሎ የሚመነጥር ሰው ሞግዚቲቱን ገድሎ ሕፃኑን አሳድጋለሁ እንደሚል ሰው ነው። በሲሚንቶ እየተሠራ የሚሰፋው መቃብርም ከዚሁ የሚቈጠር ነው፤ ሙታን ቦታ ቢያስፈልጋቸውም የጽድ ቡቃያ በሲሚንቶ ላይ አይበቅልም።

ሦስተኛው ባሕር ዛፍ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ለአዲስ አበባ ማገዶ ተብሎ ከመጣ ወዲህ የኢትዮጵያን ቤት ሠርቷል፤ የብዙ አጥቢያም ገቢ ከርሱ ነው፤ ካህናቱ ለመብራትና ለጣሪያ ሲሉ ቢተክሉት የሚፈረድባቸው አይሆንም። ነገር ግን በእርሻ ዳር ወይም በተራቈተ ኮረብታ መትከል አንድ ነው፤ በአሮጌው ደን ውስጥ በወደቀ ወይራ ምትክ መትከል ሌላ ነው። የወይራው ስፍራ አንድ ጊዜ በባሕር ዛፍ ከተያዘ፣ ቢቈርጡት ከጉቶው እያቈጠቈጠ ስፍራውን አይለቅም፤ ደኑም ስፋቱን እንደ ያዘ ዓይነቱን ያጣል። ከላይ ስለ ፎቶግራፎቹ በተነገረው የታየው የስፋት መጨመር ሰውን እንዳያታልል የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ግንብ ሊሠሩ ላሰቡ አጥቢያዎች አንድ ነገር ይጨመር። ድንጋዩ ከመጨረሻው ዛፍ ግርጌ ተጠግቶ ቢደረደር ደኑ ባለበት ይታሰራል። ሃያ ሠላሳ እርምጃ ወደ ውጭ ወጣ ብሎ ቢሠራ ግን በዛፎቹና በግንቡ መካከል ክፍት መሬት ይቀራል፤ ይህም በ1938 የነበረው መጐናጸፊያ የሚመለስበት ስፍራ ነው። ያ መሬት በመጀመሪያው ክረምት ሣር፣ ቈይቶም አጋምና ቀጋ ያወጣል። የሚያልፍ ሰው ያልጸዳ ቦታ ነው ብሎ ይነቅፈው ይሆናል። ወፏ ግን የወይራውን ፍሬ በልታ ከአጋሙ ላይ ታርፋለች፤ ዘሩንም ከሥሩ ትጥላለች።