ሀለኮና ስትሮክ የመታው አንጎል



ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ በዓባያና በጫሞ ሐይቆች ዙሪያ ባሉት የጋሞ ቆላ መንደሮች የሚያልፍ መንገደኛ በየጓሮው አንድ ዛፍ ቆሞ ያያል። በአማርኛ ሽፈራው፣ በአካባቢው አጠራር ሀለኮ፣ በሳይንስ ስሙ ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ የሚባለው ይህ ዛፍ የጋሞ፣ የኮንሶና የደራሼ ገበሬ የጓሮ ጎመን ነው። ቅጠሉ ተቀቅሎ ከእህል ድብልቡል ጋር ኩርኩፋ ሆኖ ይበላል፤ በበጋ የምድሩ ጎመን ሲደርቅ የዛፉ ጎመን ለምለም ስለሆነ ስንቱን ክፉ ቀን አሳልፏል።

ዛሬ ሀለኮ ከማጀት ወጥቶ በዱቄትና በሻይ መልክ እየታሸገ በአዲስ አበባ ሱቆች ይሸጣል። ለደም ግፊትና ለስኳር በሽታ ይበጃል እየተባለም ይጠጣል። የደም ግፊት ደግሞ የስትሮክ ዋነኛ መንሥኤ ነውና፣ ግፊትን የሚያወርድ ቅጠል ስትሮክ የጣለውንስ ሰው ለምን አያነሣም የሚል ጥያቄ ቢነሣ አያስደንቅም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በችኮላ የሚሰጠው መልስ ግን ሰው ይጎዳል።

አብዛኛው ስትሮክ የሚደርሰው ወደ አንጎል የሚሄድ የደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ ነው፤ የቀረው የደም ሥር ፈንድቶ ደም ሲፈስ የሚመጣ ነው። ትልቅ የደም ሥር ተዘግቶ ሕክምና ሳይገኝ ሲቀር በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት እንደሚጠፉ አሜሪካዊው ሐኪም ጄፍሪ ሴቨር እ.ኤ.አ. በ2006 አስልተዋል። ጉዳቱም በደም እጦት ብቻ አያበቃም። ማይክሮግሊያ የሚባሉት የአንጎል ዘበኛ ሕዋሳት የሞቱትን ሕዋሳት ፍርስራሽ ሲያገኙ ይቆጣሉ፤ የብግነት መልእክተኛ የሆኑ ፕሮቲኖችን ይረጫሉ፤ ነጭ የደም ሕዋሳትም ተጠርተው ወደ አንጎል ይጎርፋሉ። በደምና በአንጎል መካከል ያለው አጥር ይሳሳል፤ አንጎሉ ያብጣል፤ ከመጀመሪያው ምት የተረፈው ክፍል በሁለተኛው ይጎዳል። ነገሩን የሚያወሳስበው ግን ይኸው ብግነት ቀናት ሲያልፉ ፍርስራሹን ጠርጎ ጥገናውን የሚያስጀምር መሆኑ ነው። ያው ዘበኛ ቤት አፍራሽም ቤት ጠጋኝም ነው። ስለዚህ ብግነትን በጭፍን ማፈን እንደማይበጅ በተግባር ታይቷል። ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ አንጎል እንዳይገቡ ለመከልከል የተሠራው ኤንሊሞማብ የተባለ መድኃኒት በ625 ሕሙማን ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2001 ውጤቱ ሲታተም፣ መድኃኒቱን የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ ብሶባቸው ተገኝቷል።

በሀለኮ ላይ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ብዙ ደክመዋል። እያሱ መኰንንና ባልደረቦቻቸው በውኃ የተዘጋጀው የቅጠሉ ጭማቂ በጥንቸሎች ደም ውስጥ ያለውን ስኳር ዝቅ እንደሚያደርግ እ.ኤ.አ. በ1997 አሳትመዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት ጭማቂው በጊኒ ፒጎች ላይ የደም ግፊትን እንደሚያወርድ አሳይቷል። በእንግሊዝ አገር የሚሠሩት ሰሎሞን ሀብተማርያም ደግሞ በቅጠሉ ውስጥ ከሚገኙት ዋና ዋና ውሁዶች አንዱ ሩቲን መሆኑን ለይተዋል። ይህን ሩቲን፣ ከሀለኮ ሳይሆን ተጣርቶ የተዘጋጀውን፣ የሕንድ ተመራማሪዎች ለአይጦች ሰጥተው የአንጎላቸውን የደም ሥር ቢዘጉ ጉዳቱ ቀንሶ እንዳገኙት እ.ኤ.አ. በ2009 ገልጸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። አይጦቹ ሩቲኑን የወሰዱት አንጎላቸው ከመመታቱ በፊት ነው፤ ያውም ለ21 ቀናት፣ በክብደታቸው ልክ ተመዝኖ። የሰው ስትሮክ ቀጠሮ አይሰጥም። አንድ ስኒ ሻይም የተመዘነ መድኃኒት አይደለም፤ ከተጠጣው ሩቲን አብዛኛው በአንጀት ባክቴሪያዎች ስለሚሰባበር እንዳለ ወደ ደም የሚያልፈው ጥቂት ነው።

ይህ ማለት ግን ከዕፀዋት የተገኘ ውሁድ ስትሮክ የመታውን ሰው ከቶ አይረዳም ማለት አይደለም። በመጀመሪያ ከሰለሪ ዘር የተገኘው ቡቲልፍታላይድ በቻይና በ1,216 ሕሙማን ላይ ተፈትኖ እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ ታትሟል። በ90 ቀናት ውስጥ በመልካም ሁኔታ ያገገሙት ውሁዱን ከወሰዱት 56.7 ከመቶ፣ ካልወሰዱት 44.0 ከመቶ ነበሩ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ሕሙማኑ ሁሉ ምልክቱ ከታየ በ6 ሰዓት ውስጥ ወደ ጥናቱ የገቡ፣ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ወይም በመሣሪያ የማውጣት ሕክምና ያገኙ ነበሩ። ውሁዱ የሐኪሙ ረዳት ሆኖ መጣ እንጂ በሐኪሙ ፋንታ አልመጣም።

ከቦንኬ ወይም ከጨንቻ ደጋ ሕመምተኛ በቃሬዛ ወደ መኪና መንገድ የሚያወርድ ቤተሰብ የሚያጣው ደግሞ ይህንኑ ሰዓት ነው። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በተለመደው አሠራር የሚሰጠው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ከዚያም በፊት የፈሰሰ ደም አለመኖሩ በሲቲ ስካን መረጋገጥ አለበት። በዚህ መካከል "ትንሽ ይቅመስ" ተብሎ ሀለኮ ቢሰጠው ሦስት ጉዳት ያገኘዋል። ጊዜው ያልፋል። ግማሽ አካሉ የዛለ ሰው ብዙ ጊዜ መዋጥ ስለሚያቅተው የጠጣው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ቅጠሉ የተመሰገነበት ግፊት የማውረድ ኃይልም ቢሠራ፣ በዚያ ሰዓት በቀጭን የደም ጅረት ነፍሱን የያዘውን የአንጎል ክፍል ያንኑ ጥቂት ደም ሊያሳጣው ይችላል። ለጤነኛው ሰው በጎ የሆነው ለተመታው ክፉ የሚሆንበት ሰዓት ይህ ነው።

እንግዲህ የሀለኮ ተስፋ ከምቱ በፊት ባሉት ዓመታት መፈለግ አለበት። ለዚህ ከጋሞ ዞን የተሻለ ስፍራ ማግኘት ያስቸግራል፤ ቆላው ሀለኮን ሲያዘወትር በቅርብ ርቀት ያለው ደጋ በእንሰትና በገብስ ይኖራል። የሁለቱን የደም ግፊት በየዓመቱ እየለኩ፣ ጨውንና ዕድሜን እያመዛዘኑ መከታተል ለአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ከደጃፉ ያለ ሥራ ነው።

እስከዚያው በየቀበሌው ያለ የጤና ባለሙያ ለቤተሰብ ሊነግር የሚገባው አጭር ነው። ፊቱ የተጣመመ፣ ክንዱ የዛለ፣ አንደበቱ የተሳሰረ ሰው መዋጥ መቻሉ ሳይታይ በአፉ ምንም አይሰጠው፤ አስቀድሞ ጠጥቶ እንደሆነ ምን እንደጠጣ ለሐኪም ይነገር፤ ምልክቱ የጀመረበት ሰዓትም በወረቀት ተጽፎ ከሕመምተኛው ጋር ይላክ።